በወረቀት የመነነው ወርዋሪ፤ ሂዴዮ ኖሞ ከኦሳካ እስከ ሎስ አንጀለስ

አንድ ባለ ሙያ በክንዱ ብርታት የሚያድርበትን ጥበብ ይዞ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ሲያስብ፣ ያንኑ ጥበብ ለዘለዓለም እርግፍ አድርጎ እንደ ተወው በቅድሚያ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ የሚያስገድድ ሕግ ቢገጥመው፣ ነገሩ ለሰሚው እንቆቅልሽ መምሰሉ አይቀርም። ዳሩ ግን በጃፓን አገር በኦሳካ ከተማ ተወልዶ ያደገው፣ በቤዝቦል ጨዋታ ኳስ በመወርወር ጥበቡ በአገሩ ስመ ጥር የነበረው ሂዴዮ ኖሞ፣ በ1995 መግቢያ ላይ በሃያ ስድስት ዓመቱ የደረሰበት ዕጣ ይኸው ነበር፤ ክንዱ ገና ሳይዝል፣ ስሙም ገና ሳይደበዝዝ፣ ከጨዋታው ዓለም በፈቃዱ ተሰናብቷል ተብሎ በመዝገብ ተጻፈበት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት አንድ ሰው ሲመነኩስ ለዚህ ዓለም ሙት ሆኗልና በቁሙ ሳለ ጸሎተ ፍትሐት እንደሚደገምለት ሁሉ፣ ኖሞም በቁሙ የተጫዋችነት ሞት ታወጀለት። ልዩነቱ መናኝ ዓለምን የሚተወው ገዳም ለመግባት ሲሆን፣ ኖሞ ግን የመነነው ከጠባቡ አጥር ወጥቶ ወደ ሰፊው ዓለም ለመሻገር መሆኑ ነው።

ስለ ፈር ቀዳጆች በተነገረ ቁጥር ብርታታቸው ይወደሳል፤ ያገዳቸው በር በማን እንደ ተዘጋ፣ ቁልፉም የት ተቀምጦ እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይመረመርም። ከኖሞ በፊት ለሠላሳ ዓመት ተዘግቶ የኖረው በር የተሠራው ከውል ቃል ነበር፤ የተከፈተውም በክንድ ኀይልና በውል ቃል ምርመራ በአንድነት ነው፤ የመክፈቻውን ዋጋ የከፈለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህ ሐተታ የሚተርከው የዚያን በር ታሪክ ነው፤ በውስጡም የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ጨዋታውን ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ለመግለጥ ያህል፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች ዘጠኝ ዙር እየተፈራረቁ ይገጥማሉ፤ ወርዋሪው ከፍ ካለች የዐፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ዐሥራ ስምንት ሜትር ያህል ርቆ ወደ ተቀመጠው ቀላቢ ጠንካራውን ኳስ ይወረውራል፤ ዱላ ይዞ በቀላቢው ፊት የቆመው መቺ ደግሞ ኳሱን መትቶ አራቱን ማዕዘን ሮጦ ለመዞር ይታገላል። ሦስት ጊዜ የሳተ መቺ ተሰናብቶ ይወጣል፤ ወርዋሪው በበኩሉ ከተወሰነለት ክልል ውጭ አራት ጊዜ ቢወረውር፣ መቺው ዱላውን ጥሎ ያለ ድካም ወደ መጀመሪያው ማዕዘን ይራመዳል። እንግዲህ የወርዋሪ ክብር የሚለካው ስንቱን መቺ አስቶ እንዳሰናበተ፣ በስንት ጨዋታም ቡድኑን ለድል እንዳበቃ ነው።

ይህን ጨዋታ ወደ ጃፓን ያስገባው፣ በ1872 በቶኪዮ ያስተምር የነበረ ሆሬስ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ መምህር ነው። ጃፓኖችም ከባዕድ የመጣውን ነገር ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት፤ የሜዳ ኳስ የሚል ፍች ያለውን ያኪዩ የሚለውን ስም አወጡለት፤ ትዕግሥትንና መታዘዝን፣ ለማኅበርም ራስን አሳልፎ መስጠትን እንዲያስተምር በትምህርት ቤቶቻቸው ተከሉት። ከ1915 ጀምሮ የተማሪዎች አገር አቀፍ ውድድር ተቋቋመ፤ በ1924 የተሠራው የኮሺዬን ስታዲየምም ለዚህ ውድድር እንደ መሳለሚያ ስፍራ ሆነ። በደመወዝ የሚጫወቱ ቡድኖች ሊግ የተመሠረተው ግን ዘግየት ብሎ በ1936 ነው።

የጃፓን ወርዋሪ ከአሜሪካ መቺ ጋር ሊመዛዘን ይችል እንደ ሆነ የሚለው ጥያቄ የተነሣው ከዚያ ሊግ መመሥረት በፊት ነበር። በኖቬምበር 1934 ቤብ ሩትን፣ ሉ ጌሪግንና ሌሎችንም ስመ ጥሮች የያዘ የአሜሪካ ቡድን ጃፓንን በጎበኘ ጊዜ፣ ኢጂ ሳዋሙራ የተባለ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በሺዙኦካ ከተማ ወርውሮ፣ ሩትና ጌሪግ የሚገኙባቸውን አራት ታላላቅ መቺዎች በተከታታይ አስቶ አሰናበታቸው፤ የተሸነፈውም ጌሪግ በመታት አንዲት ኳስ አንድ ለዜሮ ብቻ ነበር። ዳሩ ግን የዚያ ልጅ ክንድ ወደ አሜሪካ ለመሻገር ዕድል አላገኘም፤ ወደ ጦር ሠራዊት ተጠርቶ የእጅ ቦምብ ሲወረውር ክንዱ ተጎዳ፤ በዲሴምበር 1944ም የተሳፈረበት መርከብ በቶርፒዶ ተመትቶ ሲሰጥም አብሮ ጠፋ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ጃፓኖች ለምርጥ ወርዋሪ የሚሰጥ ሽልማት በስሙ አቆሙለት።

ባሕሩን አስቀድሞ የተሻገረው ማሳኖሪ ሙራካሚ ነው። በ1964 ናንካይ ሆክስ የተባለው የኦሳካ ቡድን ሦስት ወጣቶችን ትምህርት ቀስመው እንዲመለሱ በማሰብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ላከ፤ ከሦስቱ አንዱ የሆነው የሃያ ዓመቱ ሙራካሚ በካሊፎርኒያ በምትገኘው በፍሬዝኖ ከተማ በታችኛው ሊግ ሲወረውር ከታየ በኋላ፣ ማንም ሳያስበው ወደ ታላቁ ሊግ ተጠርቶ፣ በሴፕቴምበር 1 ቀን በኒው ዮርክ ሺ ስታዲየም ጉብታው ላይ ቆመ። በቀጣዩ ወር የእኛው አበበ ቢቂላ በቶኪዮ የማራቶንን ድል ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀዳጅ የጃፓን ሕዝብ ባዕዱን ጀግና በእልልታ ሲቀበል፣ የጃፓን ልጅም በባዕድ አገር ጭብጨባ ሲቸረው፣ ያ መፀው ስፖርት የአሕዛብን ወሰን ተሻግሮ የታየበት ወራት ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ከጭብጨባው ጀርባ ጠብ ተጸንሶ ነበር። ናንካይና ጃያንትስ ባደረጉት ውል ውስጥ፣ አሜሪካኖቹ ከሦስቱ አንዱን ለራሳቸው ለማስቀረት ቢፈልጉ 10,000 ዶላር ከፍለው ውሉን ሊገዙ ይችላሉ የሚል ቃል ሰፍሮ ነበርና፣ ጃያንትስ ገንዘቡን ልከው ሙራካሚ የእኛ ነው አሉ፤ ናንካይ ደግሞ ልጃችንን ለትምህርት ላክን እንጂ አልሸጥንም ብሎ ተከራከረ። የአሜሪካው ሊግ ኮሚሽነር ፎርድ ፍሪክ ከጃፓን ጋር የነበረውን ግንኙነት እስከ ማቋረጥ ደረሰ፤ በመጨረሻም ሙራካሚ 1965ን በሳን ፍራንሲስኮ ጨርሶ ወደ አገሩ እንዲመለስ በሽምግልና ተወሰነ። እርሱም በዚያ ዓመት በ45 ጨዋታዎች ተሰልፎ አራት ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ሳለ፣ ለአሳዳጊ ቡድኑ ያለበትን ውለታ አክብሮ ተመለሰ። ሰው ለቃሉ ሲል የወደደውን ነገር መተው ከባድ መሥዋዕት ነውና፣ የሙራካሚ መመለስ ከሽንፈት ሊቈጠር አይገባውም።

ከዚህ ክርክር የተወለደው የ1967 ስምምነት ሁለቱ ሊጎች አንዱ የሌላውን ተጫዋች እንዳይነካ አጥር ሠራ። የጃፓን ተጫዋች በዕጣ ለደረሰው ቡድን የታሰረ ሆነ፤ ቡድኑ ካልለቀቀው በቀር ወዴትም አይንቀሳቀስም፤ በ1993 ነፃ የመሆን መብት ሲታወጅ እንኳ መብቱ የሚገኘው ከዐሥር ዓመት አገልግሎት በኋላ ነበር። የወርዋሪ ክንድ ደግሞ እንደ ሻማ ነው፤ በነደደ ቍጥር ያልቃል። ዐሥር ዓመት ጠብቅ የተባለ ወርዋሪ፣ ነፃነቱን በተቀበለ ዕለት ይዞት የሚሄደው ክንድ ከቀድሞው የሚያንስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ሲያልፍ ከሙራካሚ በኋላ አንድም ጃፓናዊ በታላቁ የአሜሪካ ሊግ አልታየም።

ሂዴዮ ኖሞ የተወለደው ሙራካሚ ከተመለሰ በሦስተኛው ዓመት፣ በኦገስት 31 ቀን 1968 ነው። ገና በልጅነቱ ኳሱን ይበልጥ አፍጥኖ ለመወርወር ሲል የፈጠረው አወራወር ከሊቃውንቱ ሥርዐት ውጭ ነበር፤ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ ወደ ሰማይ ይዘረጋል፣ ወገቡን አዙሮ ጀርባውን ለመቺው ይሰጣል፣ ለቅጽበት ያህል እንደ ሐውልት ይቆማል፣ ከዚያም ታምቆ እንደ ቆየ ዐውሎ ነፋስ ተገልብጦ ኳሱን ይለቃል። ሕዝቡ ኋላ ቶርኔዶ ብሎ የሰየመው ይህንኑ ነው። በተማሪነቱ የኮሺዬንን ሜዳ ለመርገጥ አልታደለም፤ ትምህርቱን ሲጨርስ በኦሳካ አጠገብ በምትገኘው በሳካይ ከተማ በብረት ኩባንያ ተቀጥሮ ለኩባንያው ቡድን ይወረውር ጀመር። የፎርክቦልን ጥበብ የቀሰመውም በዚያ ነው፤ ኳሱ በአመልካችና በመካከለኛ ጣት መካከል እንደ ሹካ ተቈንጥጦ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስልና፣ ልክ መቺው ዱላውን ሲሰነዝር ወደ ምድር ይሰምጣል። ቤዝቦል ለትዕይንት በቀረበበት በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ጃፓን ሁለተኛ ስትወጣ ኖሞ ከወርዋሪዎቿ አንዱ ነበር።

በ1989 መጨረሻ የሊጉ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ጉባኤ ላይ ስምንት ቡድኖች በአንድ ጊዜ ኖሞን ስለ ጠየቁ፣ በሥርዐቱ መሠረት ዕጣ ተጣለ፤ ዕጣውም ለኪንቴትሱ ቡፋሎስ ወጣ። የቡድኑ አሠልጣኝ አኪራ ኦጊ አስተዋይ ሰው ነበርና፣ የወጣቱን አወራወር ላርመው ሳይል እንዳለ ተወው። ፍሬውም ወዲያው ታየ፤ ኖሞ በመጀመሪያ ዓመቱ 18 ጊዜ አሸነፈ፣ 287 መቺዎችን አስቶ አሰናበተ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ምርጥ አዲስ ገብም ተባለ፤ ያ በሳዋሙራ ስም የቆመው ሽልማትም ለእርሱ ተሰጠ። ከ1990 እስከ 1993 ባሉት አራት ዓመታት ሁሉ በድል ብዛትም፣ መቺን አስቶ በማሰናበትም ቡድኑ በሚጫወትበት በፓስፊክ ሊግ የሚስተካከለው አልነበረም።

ሆኖም በ1993 ኦጊ ሄዶ ኬይሺ ሱዙኪ ሲተካ የቤቱ አየር ተለወጠ። ሱዙኪ ራሱ በወርዋሪነት ዘመኑ 317 ጊዜ ያሸነፈ ታላቅ ሰው ነበር፤ ታላቅ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እርሱን ለታላቅነት ያበቃው መንገድ ለሁሉ የሚበጅ ይመስለዋል። ብዙ መሮጥ፣ ብዙ መወርወር፣ ሕመምን ችሎ ዝም ማለት የቀድሞው ትውልድ ምግባር ነበርና፣ ሰውነቱን በራሱ ስልት ለማዘጋጀት ከሚሻው ከኖሞ ጋር ሊስማሙ አልቻሉም። በጁላይ 1 ቀን 1994 ከሴይቡ ጋር በተደረገው ጨዋታ ኖሞ ዐሥራ ስድስት መቺዎችን ያለ ምት ወደ መጀመሪያው ማዕዘን አሳልፎ እየሰጠ፣ ዘጠኙን ዙር ሙሉ በጉብታው ላይ ቆይቶ 191 ጊዜ ወረወረ። ጨዋታውን አሸነፈ፤ ግን የሰው ትከሻ የብረት ማሽን አይደለምና፣ በዚያው ዓመት ሕመም አሰናክሎት በስምንት ድል ብቻ ጨረሰ።

በዚያ ክረምት ኖሞ ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ውል ቢጠይቅ ቡድኑ አልሰማውም። በዚህ ጊዜ ነው ዶን ኖሙራ የሚባል ወኪል ከጐኑ የቆመው፤ ከአሜሪካዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት በቶኪዮ የተወለደው ይህ ሰው፣ እንጀራ አባቱ ካትሱያ ኖሙራ በሙራካሚ ዘመን የዚያው የናንካይ ቡድን ታላቅ ቀላቢ የነበረ በመሆኑ፣ የአጥሩን ታሪክ ከውስጥም ከውጭም የሚያውቅ ነበር። ኖሙራ የውሉን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ሲመረምር፣ በፈቃዱ ከጨዋታ የተሰናበተ ተጫዋች ቢመለስ ለቀድሞው ቡድኑ ብቻ እንደሚጫወት የሚደነግግ ቃል አገኘ፤ ነገር ግን ያ ቃል የሚያስረው በጃፓን ምድር ነው፤ ስለ ውጭ አገር አንዳች አይናገርም። ቡድኑ እንዲያሰናብተው ቢደረግ እንግዲህ ለጃፓን የሞተ፣ ለአሜሪካ ግን ሕያው ይሆናል ማለት ነው። ኪንቴትሱም ኖሞ ወደ ሌላ ወዴት ይደርሳል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ በጃንዋሪ 1995 ስሙን በፈቃዳቸው በተሰናበቱት መዝገብ አሰፈረው። በፌብሩዋሪ ወር የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ባለቤት ፒተር ኦማሊ ሁለት ሚሊዮን ዶላር የመፈረሚያ ገንዘብ ሰጥቶ ወሰደው።

በአገሩ የተነሣበት ወቀሳ ከባድ ነበር፤ ያሳደገውን ማኅበር የከዳ፣ ለራሱ ብቻ ያሰበ ሰው እየተባለ በጋዜጣ ተጻፈበት። ማኅበርን ከግለ ሰብ በሚያስቀድም ሕዝብ ዘንድ ከዚህ የከፋ ነቀፋ የለም። ኖሞ ከተፈጥሮው ቃለ ጥቂት ሰው ነበርና መልስ አልሰጠም። በወዲያኛውም ዳርቻ የጠበቀው አገር ደስታ የራቀው ነበር፤ በኦገስት 1994 የተጀመረው የተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ከሰባት ወር በላይ ቆይቶ የዓመቱን የፍጻሜ ውድድር አስቀርቶ ስለ ነበር፣ አሜሪካዊው ተመልካች በገንዘብ ክርክር ተሰላችቶ ከሜዳው ርቆ ነበር። እነሆ፣ አንደኛው አገር የተቈጣበት ሰው ሁለተኛውን አገር ሊያጽናና ደረሰ።

በሜይ 2 ቀን 1995 ኖሞ መጀመሪያ የቆመበት ሜዳ ሳን ፍራንሲስኮ፣ የገጠመውም ሙራካሚን የእኛ ነው ሲል የነበረውን ጃያንትስን መሆኑ የታሪክ ግጥምጥም ነው። አምስት ዙር ወርውሮ አንድ ምት ብቻ ሰጠ፤ ሰባት መቺዎችን አስቶ አሰናበተ። በጃፓን ሌሊቱን ሳይተኙ ያነጉ፣ በየአደባባዩ በተተከለ ትልቅ የቴሌቪዥን መስኮት ፊት የቆሙ ሰዎች ያንን የተገለበጠ ጀርባ ከውቅያኖስ ማዶ አዩት፤ ትናንት የነቀፈውም አፍ ማመስገን ጀመረ። በጁን 2 ቀን የመጀመሪያ ድሉን አገኘ፤ በጁን 14 ቀን በፒትስበርግ 16 መቺዎችን አሰናበተ፤ በጁላይ 11 ቀን የሊጎቹ ምርጦች በቴክሳስ ሲገናኙ፣ ከግዙፉ ከራንዲ ጆንሰን ትይዩ ቆሞ ጨዋታውን የከፈተው ኖሞ ነበር። አሠልጣኙ ቶሚ ላሶርዳ እንደ ልጁ አቀፈው፤ ቀላቢው ማይክ ፒያዛም በቋንቋ ሳይግባባው በጣት ምልክት እየተነጋገረ የዚያን የሚሰምጥ ኳስ ጠባይ አጠና። ዓመቱ ሲፈጸም ኖሞ 13 ጊዜ አሸንፎ፣ 236 መቺዎችን በማሰናበት ዶጀርስ ከሚጫወቱበት ከናሽናል ሊግ አንደኛ ወጥቶ፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ገብ ተባለ።

ወርዋሪዎች ከሚፈሩት ሜዳ አንዱ በኮሎራዶ በዴንቨር ከተማ የሚገኘው ኮርስ ፊልድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ የተመታ ኳስ ከሌላው ስፍራ አርቆ ይበርራል፤ የወርዋሪውም ጥምዝ ኳስ እንደ ልቡ አይታጠፍም። በሴፕቴምበር 17 ቀን 1996 ማታ ዝናብ ጨዋታውን አዘግይቶ፣ ጉብታው ጨቅይቶ እግር ያንሸራትት ነበርና፣ ኖሞ ስም ያወጣለትን ያንን ታላቅ መገልበጥ ትቶ በአጭር አቋም ለመወርወር ተገደደ። ሰው ብርታቱ የተመካበትን ነገር ሲያጣ ምን እንደሚቀረው የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው፤ ለኖሞ የቀረው ዕውቀቱና ልቡ ነበር። ዘጠኙን ዙር ሲፈጽም የኮሎራዶ መቺዎች አንድም ንጹሕ ምት አላገኙም፤ ዶጀርስ ዘጠኝ ለዜሮ አሸነፉ። በዚያ ሜዳ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገ ሌላ ወርዋሪ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የመንከራተት ዘመን ነው። በ1997 መጨረሻ ክርኑ በቀዶ ሕክምና ታከመ፤ በ1998 ዶጀርስ ወደ ኒው ዮርክ ሜትስ አሳለፉት፤ ከዚያ ወደ ሚልዋኪ፣ ቀጥሎም ወደ ዲትሮይት ሄደ። ብዙዎች አበቃለት ሲሉ፣ በኤፕሪል 4 ቀን 2001 ለቦስተን ሬድ ሶክስ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታው በባልቲሞር ከተማ ዳግመኛ አንድም ምት ሳይሰጥ ዘጠኙን ዙር ፈጸመ። በአሜሪካ ባሉት በሁለቱም ሊጎች፣ በናሽናልም በአሜሪካንም፣ ይህን ያደረጉ ከእርሱ በፊት ሳይ ያንግ፣ ጂም በኒንግና ኖላን ራያን ብቻ ነበሩ። በ2002 ወደ ቀድሞ ቤቱ ወደ ዶጀርስ ተመልሶ በዚያም ዓመት በቀጣዩም ዐሥራ ስድስት ዐሥራ ስድስት ጊዜ አሸነፈ።

ክንድ ግን የማይታለፍ ወሰን አለው። በ2004 ትከሻው ደከመ፤ በጁን 2005 ለታምፓ ቤይ ሲወረውር በሁለቱ አገሮች የተደመረ ሁለት መቶኛ ድሉን አገኘ፤ ከዚያ በኋላ በታችኛው ሊግ፣ በባዕድ ቬኔዝዌላም ሳይቀር፣ የጠፋውን ኀይሉን ሲፈልግ ከረመ። በ2008 ለካንሳስ ሲቲ ሮያልስ በሦስት ጨዋታዎች ብቻ ታይቶ፣ በጁላይ ወር በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ተሰናበተ። በአሜሪካ 123 ጊዜ አሸንፏል፣ 1,918 መቺዎችንም አስቶ አሰናብቷል። ሌሎች ተጫዋቾች ሲሰናበቱ የሚቈጨን ነገር የለም እንደሚሉ፣ እርሱ ግን ገና እንደሚቈጨው ተናገረ። በ1995 የተጻፈበት ስንብት የወረቀት ነበር፤ ይህኛው ግን የሥጋ ስንብት ነውና ልቡ አላመነበትም።

ኖሞ ያለፈበት ቀዳዳ ከእርሱ በኋላ ብዙ አልቆየም። በ1997 ሂዴኪ ኢራቡ የተባለው ወርዋሪ፣ ቡድኑ ለሳን ዲዬጎ ቢሰጠው ለኒው ዮርክ ያንኪስ ካልሆነ አልሄድም ብሎ ሌላ ክርክር ስላስነሣ፣ ሁለቱ ሊጎች በ1998 አዲስ ስምምነት አድርገው፣ የስንብቱን ቀዳዳ ደፍነው፣ በምትኩ ቡድኖች ተጫዋቻቸውን በጨረታ የሚያቀርቡበትን ሥርዐት አቆሙ። ኢቺሮ ሱዙኪ በ2001 ወደ ሲያትል የሄደው፣ ሾሄ ኦታኒም በ2018 ወደ ሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ የተሻገረው በዚህ ሥርዐት ነው፤ ዛሬ የጃፓን ወጣት አሜሪካ ልሂድ ቢል ከሃዲ የሚለው የለም፤ አገሩ መርቆ ይሸኘዋል። ኖሞ ግን ሲሄድ መራቂ አልነበረውም።

የጃፓን የቤዝቦል የክብር አዳራሽ በ2014 በመጀመሪያው ምርጫ፣ በአርባ አምስት ዓመቱ፣ እስከዚያ ዘመን ከተመረጡት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ አድርጎ ተቀበለው፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካው አዳራሽ ድምፅ ሰጪዎች ግን ከመቶ ሁለት እንኳ የማይሞላ ድምፅ ሰጡት። ድምፅ ሰጪዎቹ የቈጠሩት ድልና ሽንፈቱን ነው፤ በቍጥር ብቻ ለሚመዝን ዳኛ ፍርዳቸው ስሕተት አይባል ይሆናል። እኔ ግን የመንገድ ከፋች ሒሳብ ከእርሱ በኋላ በመንገዱ በተጓዙት ሰዎች መቈጠር አለበት እላለሁ፤ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከኖሞ የሚበልጥ ወርዋሪ ከጃፓን አልወጣም። ሙራካሚ ቃሉን አክብሮ በመመለሱ፣ ኖሞም ነቀፋውን ችሎ በመሄዱ ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ በደለኛው፣ የሰውን ክንድ ክንዱ ከሚኖርበት ዘመን አስረዝሞ የሚያስር ውል ነው።

አልለቅህም ብሎ የነበረው የኪንቴትሱ ቡድን በ2004 መጨረሻ ከሌላ ቡድን ጋር ተዋሕዶ፣ የኪንቴትሱ ስም ከሊጉ መዝገብ ጠፋ። ኖሞ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ገና ለዶጀርስ ይወረውር በነበረበት በ2003፣ የጃፓን ኩባንያዎች በገንዘብ እጦት የሠራተኛ ቡድኖቻቸውን ሲበትኑ መጫወቻ ያጡ ወጣቶች እንዳይባክኑ፣ በስሙ የሚጠራ ቡድን አቋቁሞ ነበር፤ ያቋቋመውም ከብረት ኩባንያው ሥራ ጋር ያንን የሚሰምጥ ኳስ በተማረባት በሳካይ ከተማ ነው።